ለፕሮፖዛል፣ ለግዥ፣ ለፍርድ ቤት፦ «ጀስቲፊኬሽን አምጣ» ሲባል የሚፈለገው ምንድን ነው?

ጥያቄው፦ «የምኖረው ደሴ ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት ባለሙያ ሆኜ እየሠራሁ ማስተርሴን እማራለሁ። ሰሞኑን በሄድኩበት ሁሉ ጀስቲፊኬሽን እየተጠየቅኩ ነው። የጥናት ርዕሴ ከኮምቦልቻ በታች በቦርከና ወንዝ ውሃ አትክልት የሚያለሙ ገበሬዎች ስለ ውሃው ንጽህና ያላቸው ግንዛቤ ነው። ችግሩ ምን ያህል አሳሳቢ እንደሆነ ሦስት ገጽ ሙሉ ጽፌ ሳለ አማካሪዬ ‹ጀስቲፊኬሽኑ ደካማ ነው› ብሎ መለሰልኝ። መሥሪያ ቤት ደግሞ የኮፒ ማሽን መለዋወጫ ከአንድ ሱቅ በቀጥታ እንዲገዛ ስጠይቅ ፋይናንስ ‹ጀስቲፊኬሽን አያይዝ› አለኝ። ሥራ መቆሙን ጽፌ አያይዤ ብሰጥም አልተቀበሉኝም። በዚህ ላይ ታናሽ ወንድሜ ቃሉ ወረዳ ውስጥ በመስኖ ውሃ ተጣልቶ፣ ሰው በዱላ መትቶ ተከሷል። ጠበቃው ‹ጀስቲፊኬሽን ካለው እንከራከራለን› ይላል። ወንድሜ ለምን እንደመታ በደንብ ያስረዳል። ይሄ ሁሉ አንድ ነገር ነው? ምክንያት ከመናገር ሌላ የሚፈልጉት ምንድን ነው?»

ምላሽ፦ የሦስቱም ጉዳይ ችግር አንድ ነው። ሦስቱም ቦታ የተጠየቀው «ለምን ትክክል ነው?» የሚል ነው። የተመለሰው ግን «ለምን ሆነ?» ለሚለው ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች ጎን ለጎን ስለሚሄዱ ይምታታሉ። የአንዱ መልስ ግን ለሌላው አይሆንም።

ለወሎ ሰው ልዩነቱን ለማሳየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ያ ሁሉ ሕዝብ ለምን አለቀ ቢባል ምክንያቶቹ ይታወቃሉ። ዝናብ ቀረ። ገበሬው ሸጦ የሚበላው ከብት አለቀበት። መንግሥት ረሃቡን ደበቀ። ለምን ደበቀ ተብሎ ቢጠየቅም መልስ አይጠፋም፤ ስሙ እንዳይጎድፍ ነው። ይህ ሁሉ ማብራሪያ ነው፤ የታሪክ ባለሙያ አጥርቶ ሊጽፈው ይችላል። መደበቁን ግን ትክክል አያደርገውም። ነገሩ ከሥሩ ተብራርቶ ካለቀ በኋላም ጥፋት ጥፋት ነው።

ጀስቲፊኬሽን ማለት እንግዲህ አንድ ድርጊት፣ ውሳኔ ወይም እምነት፣ ሌላ አማራጭ እያለ፣ በዚያ መስክ መመዘኛ ትክክል መሆኑን የሚያሳይ ነገር ነው። ሁለት ነገር ይያዙልኝ። «ሌላ አማራጭ እያለ» የሚለው የትም ቢሄዱ አይቀየርም። መመዘኛው ግን በየመስኩ ይለያያል። ለአንዱ የጻፉትን ለሌላው ኮፒ ማድረግ የማይቻለው ለዚህ ነው።

ከወንድምዎ ልጀምር፤ የሚያስቸኩለው እሱ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን፣ አዋጅ ቁጥር 414/1996፣ ሰው በአፉ «ምክንያት አለው» የሚላቸውን ነገሮች ለያይቶ ያያቸዋል። አንዳንዱ ምክንያት ድርጊቱን ራሱን ሕጋዊ ያደርገዋል። አንዳንዱ ድርጊቱን ጥፋት ብሎ ይተወውና ሰውየውን ይቅርታ ያሰጠዋል። አንዳንዱ ደግሞ ቅጣት ከማቅለል አያልፍም። ጠበቃው ሲያወራ የነበረው ስለ መጀመሪያው ነው። ወንድምዎ በደንብ የሚያስረዳው፣ እንደምገምተው፣ የመጨረሻውን ነው።

አንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከልን ይደነግጋል። ራስን ወይም ሌላ ሰውን ከጥቃት መከላከል አያስቀጣም፤ ሁኔታዎቹ ከተሟሉ። ጥቃቱ ሕገ ወጥ መሆን አለበት። እየደረሰ ያለ ወይም ሊደርስ የተቃረበ መሆን አለበት። በሌላ መንገድ ማስቀረት የማይቻል መሆን አለበት። መከላከሉም ከአደጋው ክብደትና ሊጠበቅ ከተፈለገው መብት ጋር መመጣጠን አለበት። አንዱ ከጎደለ አንቀጽ 78 እንዳለ አይሠራም። እዚህም «ሌላ አማራጭ» የሚለው በግልጽ ተጽፎ እንደተቀመጠ ልብ ይበሉ።

ዳኛው ይህን የሚመረምረው ከዱላው ተነስቶ ነው። ዱላው ሲያርፍ ተበዳዩ በእጁ ምን ይዞ ነበር? ዶማ? ድንጋይ? ባዶ እጁን? ፊቱን ወደ ወንድምዎ አዙሮ ነበር ወይስ ቦዩን ዘግቶ እየሄደ ነበር? ምቱ ያረፈው ክንድ ላይ ነው ወይስ ማጅራት ላይ? ስንት ጊዜ መታው? ሰውየው ከወደቀ በኋላስ? የሐኪም ማስረጃው ቁስሉ ከኋላ ነው ካለ «ሊመታኝ ሲመጣ ነው» የሚለው ቃል ይከብዳል። ቁስሉ ክንድ ላይ ከሆነና ሰውየው ዶማ አንስቶ እንደነበር ምስክር ካለ፣ ነገሩ ሌላ ነው።

«ተራዬን ጠብቄ ውሃዬን ጠለፈብኝ፤ ሰደበኝ፤ ደሜ ፈላ» የሚለው ታሪክ እውነት ሊሆን ይችላል። መከላከልን ግን አያሳይም። ውሃ ጠላፊን ለውሃ አከፋፋዩ ወይም ለቀበሌ መክሰስ ይቻል ነበር። ይህ ታሪክ ቦታው አንቀጽ 82 ላይ ነው፤ ቅጣት ከሚያቀልሉ ሁኔታዎች ውስጥ ከባድ ትንኮሳ ወይም ያልተገባ ስድብ የቀሰቀሰው ንዴት አለበት። በመሃል ደግሞ አንቀጽ 79 አለ። መከላከሉ እውነተኛ ሆኖ ልኩን ካለፈ ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን ያቀልላል። ልኩ ያለፈው ጥቃቱ በፈጠረው ይቅር በሚባል ፍርሃት፣ ድንጋጤ ወይም የስሜት መነሳሳት ከሆነም ጨርሶ ላይቀጣ ይችላል። የቱ እንደሚያዋጣ የሚወስነው ጠበቃው ነው። የእርስዎና የወንድምዎ ድርሻ ታሪኩን ሳያሳምሩ መንገር ነው።

አንድ ጥንቃቄ። አካባቢው ቃሉ ወረዳ ስለሆነ ጉዳዩ ወደ አበጋር (የአካባቢው ባህላዊ አስታራቂ) ወይም ወደ አገር ሽማግሌ መሄዱ አይቀርም። ቢሄድ እኔ ደስ ይለኛል፤ ነገ እዚያው ቦይ ላይ የሚገናኙ ሰዎች ናቸው። ነገር ግን አበጋር ፊት መመዘኛው ሌላ ነው። እዚያ ሰው የሚታረቀው ትክክል መሆኑን አስረድቶ አይደለም። ጥፋቱን አምኖ፣ ካሣ ከፍሎ፣ ዱዓ ተደርጎ ነው ቂሙ የሚወርደው። ወንድምዎ አንቀጽ 78ን እዚያ ይዞ ቢቀርብ ግትር ይባላል። እዚያ የተናገረው «አጥፍቻለሁ» የሚል ቃል ደግሞ በኋላ ችሎት ላይ ሊነሳበት ይችላል። ስለዚህ ወደ እርቅ ከመሄዱ በፊት ጠበቃው ይወቅ። እርቅ ክሱን በራሱ አያቋርጠውም። ቀላል ጉዳት ከሆነና ክሱ በተበዳዩ አቤቱታ ላይ የቆመ ከሆነ ሊያስቀረው ይችላል፤ ጉዳቱ ከባድ ከሆነ ግን አቃቤ ሕግ ይቀጥላል። ያኔም ቢሆን ከልብ መጸጸትና ካሣ መክፈል በአንቀጽ 82 ቅጣት ያቀልላሉ። እርቁ የባከነ ድካም አይሆንም።

ወደ ፕሮፖዛሉ ልምጣ። ሦስቱ ገጾች የተሳሳተ ቦታ ላይ ነው ያረፉት እንጂ ከንቱ አይደሉም። የችግሩን አሳሳቢነት የሚያሳዩ ስለሆኑ ወደ ችግሩ መግለጫ ይውሰዷቸው። አማካሪዎ ችግሩ ከባድ መሆኑን አልተጠራጠረም። የተጠራጠረው ምርጫዎን ነው። ፕሮፖዛል ውስጥ እያንዳንዱ ምርጫ ጎኑ ላይ አንድ ያልተመረጠ ነገር አለ፤ ጀስቲፊኬሽን የሚጻፈው ላልተመረጠው ነው።

የእርስዎን ርዕስ እንውሰድ። ለምን ግንዛቤ? ውሃውን ወይም ቆስጣውን ላቦራቶሪ ወስዶ መመርመር ይቻል አልነበረም? ለዚህ የሚሆን መልስ «ግንዛቤ አስፈላጊ ነው» አይደለም። «የውሃው ይዘት በሌሎች ጥናቶች ተለክቷል፤ ያልታወቀው ገበሬው ያን ውጤት ያውቃል ወይ፣ አውቆስ ምን ይቀይራል የሚለው ነው» የሚል ዓይነት መልስ ነው። ይህን ሊጽፉ የሚችሉት ግን እነዚያን ጥናቶች በትክክል ካነበቡ ብቻ ነው። ለምን ከኮምቦልቻ በታች ብቻ? ከከተማው በላይ ያለውን ገበሬ ካልጠየቁ፣ ያገኙት ግንዛቤ ከኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ጉርብትና የመጣ መሆኑን በምን ያውቃሉ? ወይ የላይኞቹን ቀበሌዎች ለንጽጽር ያስገቡ፣ ወይ ማነጻጸር ዓላማዎ እንዳልሆነ በግልጽ ይጻፉ። እኔ ብሆን አስገባቸው ነበር።

«በዚህ ርዕስ ጥናት አልተሠራም» የሚለውን ዓረፍተ ነገርም ብቻውን አይተማመኑበት። በዚህ አገር ያልተጠና ነገር ሞልቷል። አለመጠናቱ የጎዳው ውሳኔ የቱ ነው? የትኛው የግብርና ወይም የጤና ባለሙያ ነው ይህን መረጃ አጥቶ የተቸገረው? ያንን ይጻፉ።

የናሙና ቁጥርዎን አልነገሩኝም፤ ግን 423 ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። የተማሪ ጥናት ሁሉ 423 ነው። ከየት እንደሚመጣ እንየው። 1.96 (ለ95 በመቶ እርግጠኝነት የሚወሰደው ቁጥር) በራሱ ሲባዛ 3.8416 ይሆናል። ያንን በ0.5 እና በ0.5 አባዝተው ለስህተቱ ህዳግ፣ ለ0.05፣ ካሬ ያካፍሉታል፤ 384.16 ይወጣል። መልስ ለማይሰጡ ሰዎች 10 በመቶ ሲጨመር 423። ስሌቱ ልክ ነው። ጥያቄው 0.5 ለምን ገባ የሚለው ነው። 50 በመቶ የሚወሰደው ቀደም ያለ ጥናት በማይኖርበት ጊዜ ነው፤ ትልቁን ቁጥር ስለሚሰጥ ጥንቃቄ ይሆናል። ቀደም ያለ ጥናት ግንዛቤው 20 በመቶ ነው ካለ፣ በዚያው ስሌት 246 ሰው ይበቃል። ከኮምቦልቻ በታች ባሉት ቀበሌዎች በቦርከና ውሃ የሚያለሙት ገበሬዎች በጠቅላላው 600 ቢሆኑ ደግሞ፣ ለትንሽ ሕዝብ የሚደረገው ማስተካከያ 384ን ወደ 235 ያወርደዋል። በተቃራኒው የሚለኩት ነገር 3 በመቶ ሰው ላይ ብቻ የሚታይ ከሆነ ስሌቱ 45 ሰው ይበቃል ይልዎታል። ያ ከንቱ ነው፤ የስህተቱ ህዳግ ከሚለካው ነገር ይበልጣልና። ህዳጉን ማጥበብ ግድ ይላል። እንግዲህ ቀመሩን መጥቀስ ጀስቲፊኬሽን አይደለም። ቀመሩ ውስጥ የገባው እያንዳንዱ ቁጥር ለምን እንደገባ ማሳየት ነው።

አማራጭን መጋፈጥ ምን እንደሚመስል ማየት ከፈለጉ ምሳሌው እዚሁ ደሴ ገበያ ላይ አለ። የ1965/66ቱ ረሃብ መንስኤ የእህል እጥረት ነው የሚለው ለብዙ ሰው ማስረጃ የማያስፈልገው ነገር ይመስል ነበር። ዝናብ ቀርቷል፤ ሰብል ጠፍቷል፤ ሌላ ምን ይፈለጋል? ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ተቃራኒውን ጠየቀ። እህል ከጠፋ የደሴ ገበያ ዋጋ ለምን ያን ያህል አልናረም? በአገር ደረጃ ምርቱ ብዙ አልቀነሰም ነበር። ከወሎ ወደ ውጭ የወጣ እህልም ነበር። ስለዚህ የጠፋው በዋናነት የገበሬው የመግዛት አቅም ነው አለ። ድምዳሜውን የሚሞግቱ ምሁራን አሉ። የሥራው ጥንካሬ ግን ግልጽ ነው፤ የራሱን ሐሳብ የሚደግፍ መረጃ ሰብስቦ አላቆመም፣ ሌላው ማብራሪያ ምን መታየት እንደነበረበት ጠይቆ ገበያው ላይ ፈለገው። ከእርስዎ ፕሮፖዛል የጎደለው ይህ ነው።

የፋይናንሱ ቀላል ነው። በመንግሥት ግዥ መርሁ ውድድር ነው፤ ከአንድ አቅራቢ በቀጥታ መግዛት ከመርሁ መውጣት ነው። ስለዚህ የሚጠየቁት «ለምን አስፈለገ?» ተብለው አይደለም፤ «ለምን ሳይወዳደር?» ተብለው ነው። «ሥራ ቆሟል» የሚለው መቸኮልዎን ያሳያል፤ ሱቁ ብቸኛ መሆኑን አያሳይም። የማሽኑን ሞዴል ይጻፉ። ዕቃውን ሌላ ማን ማን ዘንድ እንደጠየቁና ምን እንደመለሱ ይጻፉ። ተመሳሳይ ዕቃ ቢገጠም ምን እንደሚበላሽ፣ ዋጋው ካለፈው ግዥ ጋር ሲተያይ ስንት እንደሆነ ይጨምሩ። ሱቆቹ ከአንድ በላይ ከሆኑ ደግሞ አይድከሙ፤ ፕሮፎርማ ይሰብስቡ። በእቅድ ጉድለት የመጣ ጥድፊያ ነገ ኦዲተር ፊት አያቆምም።

«ጀስቲፊኬሽን» የሚለውን ቃል ፍለጋ ቢገቡ ሌሎች መስኮችም ይመጡብዎታልና በአጭሩ ልንካቸው። በሒሳብ ምሳሌ ማብዛት ምንም አያረጋግጥም። አንድ ቁጥር በራሱ አባዝተው፣ ቁጥሩን ራሱን ጨምረው፣ 41 ይደምሩበት። ከ0 እስከ 39 ያሉት ሁሉ ብቸኛ ቁጥር (ከ1 እና ከራሱ በቀር ለሌላ የማይካፈል) ይሰጣሉ። አርባ ጊዜ ሠርቷል፤ ሰው ሁሌም ይሠራል ብሎ ቢምል አይገርምም። 40ን ሲያስገቡ ግን 1681 ይወጣል፤ 41 በ41 ሲባዛ ማለት ነው። በሒሳብ የሚቆጠረው ከታወቀው ተነስቶ ደረጃ በደረጃ የሚሄድ ማረጋገጫ ብቻ ነው።

ፈላስፎች ደግሞ የሚጠይቁት እምነት እውቀት የሚሆነው መቼ ነው ብለው ነው። ከፕላቶን ዘመን ጀምሮ የኖረው መልስ «እውነት የሆነና በቂ ምክንያት ያለው እምነት» የሚል ዓይነት ነበር። ኤድመንድ ጌቲየር በ1963 እ.ኤ.አ. በሦስት ገጽ ጽሑፍ ይህን አናጋው። እንዲህ ያስቡት። ጎረቤትዎ ከገበያ ተመልሳ የሽንኩርት ዋጋ ነገረችዎት። እሷን ማመን ተገቢ ነው፤ ዋሽታ አታውቅም። እሷ ግን ተሳስታ ያለፈውን ሳምንት ዋጋ ነው የነገረችዎት። የዛሬውም በአጋጣሚ ያው ሆነ። ያመኑት እውነት ነው፤ ለማመንም ምክንያት ነበረዎት፤ ግን አወቁ ይባላል? ለእርስዎ የሚጠቅመው ትምህርት አጭር ነው። የጥናት ውጤትዎ በአጋጣሚ ልክ ቢሆን እንኳ መንገዱ ከተበላሸ ፈታኙ አይቀበለውም፤ ልክም ነው።

«ለዚያስ ምን ማስረጃ አለህ?» እየተባለ ያለማቋረጥ ሊጠየቅ ይችላል። እያንዳንዱ መስክ ግን የሚቆምበት ቦታ አለው። የዋድላ የቤተ ክርስቲያን መምህር ለትርጓሜው ከመጽሐፍ ጠቅሶ «እንዲል» ሲል ይቆማል። ሼኹ ደሊሉን (ማስረጃውን) ከቁርአንና ከሐዲስ ሲያመጣ ይቆማል። የሒሳብ ሰው መነሻ እውነታዎቹ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ከመጻፍዎ በፊት አንባቢዎ የት እንደሚቆም ይወቁ። የፋይናንሱ ሰው የሚቆመው መመሪያው ላይ ነው፤ አማካሪዎ የሚቆመው የታተመ ጥናት ላይ ነው።

በክርስትና ነገረ መለኮት ያለው ትርጉም ከእነዚህ ሁሉ ይርቃል። እዚያ ጉዳዩ ሰው በእግዚአብሔር ፊት እንዴት ይጸድቃል የሚል ነው። ሮሜ 3፥28 እና ያዕቆብ 2፥24ን ጎን ለጎን ያነበበ ክርክሩ ከየት እንደሚነሳ ያያል። ሉተርና የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የተለያዩበት ዋና ነጥብ ነበር፤ የካቶሊኮቹ የትሬንት ጉባኤ በ1547 እ.ኤ.አ. ውሳኔ አሳለፈበት፤ የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽንና የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በ1999 እ.ኤ.አ. አውግስቡርግ ላይ የጋራ መግለጫ ፈረሙበት። ያን ወደ ፕሮፖዛል አያምጡት። ኮምፒውተር ላይ በወርድ ፕሮግራም ውስጥ ያለው «ጀስቲፋይ» ደግሞ መስመሩን ግራና ቀኝ እኩል የማድረግ ጉዳይ ነው። የአማርኛ ቃላት ስለሚረዝሙ መሃሉን ያሳሳዋል፤ መመሪያው ካላስገደደዎት በግራ ብቻ ይደርድሩት።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ፤ ራስን ማሳመን። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ፌስቲንገርና ካርልስሚዝ በ1959 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሙከራ ተማሪዎች አሰልቺ ሥራ ሠርተው፣ ለሚቀጥለው ሰው «ደስ ይላል» ብለው እንዲዋሹ ተደረገ። ለአንዳንዶቹ 1 ዶላር፣ ለሌሎቹ 20 ዶላር ተከፈለ። በኋላ ሲጠየቁ ሥራው በእውነት ደስ ይል ነበር ወደ ማለት ያዘነበሉት 1 ዶላር የተከፈላቸው ናቸው። ለመዋሸት በቂ ሰበብ ስላልነበራቸው ሐሳባቸውን ቀየሩ። ወንድምዎ ታሪኩን በደገመው ቁጥር ለራሱ እየጠራ፣ እየተመቸው ይሄዳል። እርስዎም ለሦስቱ ገጾች እንደዚያው። ስለዚህ ሁለቱንም ጽሑፍ ለማይወድዎት ሰው ያስነብቡ።

ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው። ሦስት የተለያየ ጽሑፍ ያዘጋጁ፤ አንዱንም ከሌላው አይቅዱ። በእያንዳንዱ ራስጌ ላይ የተጠራጣሪውን ጥያቄ በአንድ መስመር ይጻፉ። «ለምን ውሃውን አልመረመርክም?» «ለምን ሳይወዳደር?» «ለምን አልሸሸም?» ያንን ጥያቄ የማይመልስ ዓረፍተ ነገር ሁሉ ይውጣ። ፕሮፖዛሉ ከሦስት ገጽ ወደ አንድ ገጽ ቢወርድ አይደንግጡ።

ቅድሚያ ግን ለወንድምዎ ይስጡ። የሐኪም ማስረጃውን ቅጂ ጠበቃው እንዲያገኝ ያድርጉ። ቦዩ ዳር የነበሩትን ሰዎች ስም ይያዙ፤ የሚሉትን ግን አያስጠኗቸው፣ ያ ራሱ ወንጀል ሊሆን ይችላል። የውሃ አባቱ (ውሃ አከፋፋዩ) የዚያን ቀን ተራ የማን እንደነበር የሚያስታውሱ ከሆነ ያንንም ለጠበቃው ይንገሩ። የሚጠቅመው ለአንቀጽ 78 ሳይሆን ለአንቀጽ 82 ነው፤ የት እንደሚያነሳው እሱ ያውቃል።